የቀጨኔ ጥቁር ሸክላ፦ ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ፣ ደግሞም ዋጋው የወረደበት ምክንያት

ፍርዱን ቀድመን እንናገር። ጀበናው ከአምስት አራት ተኩል፣ ድስቱ አራት፣ ምጣዱ ሦስት ተኩል። ዋጋውን ነጥብ አንሰጠውም፤ እሱ የዕቃውን ጥራት ሳይሆን ሌላ ነገር ነው የሚናገረው፤ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ቀጨኔ ሰሜን አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ፣ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ናቸው። መርካቶና በየሰፈሩ ገበያ ከሚታየው ጥቁር ጀበና ብዙው ከዚህ የወጣ ነው።

ጀበና ስትገዙ ጌጡን ተዉትና ሆዱን በጣት አንጓ ኳኳ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በደንብ በስሏል። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ወይ እሳቱ አልበቃውም፣ ወይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለው። ቀጥሎ አንገቱ ከሆዱ የተጋጠመበትን ዙሪያና እጀታው የተለጠፈባቸውን ሁለት ቦታዎች በጣት ዳስሱ። ጀበና አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀው እዚያ ነው። አንገትና እጀታ የሚቀጠሉት ሆዱ ጠውለግ ካለ በኋላ ስለሆነ፣ አዲሱ ጭቃ ሲደርቅ ከአሮጌው ይበልጥ ይኮማተራል፤ መጋጠሚያው በደንብ ካልታሸ ፀጉር የምታህል መስመር ትቀራለች። ከዚያ ውሃ ሙሉትና ደረቅ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። አዲስ ሸክላ ትንሽ ላብ ላብ ማለቱ ጤና ነው፤ ከታች ክብ የውሃ ምልክት ከተወ ግን መልሱት።

ጥቁረቱ ቀለም አይደለም። ዕቃው ሳይቃጠል በፊት በለስላሳ አለሎ ይታሻል፣ ኋላ ከእሳቱ እንደ ጋለ ወጥቶ ቅጠልና ገለባ ውስጥ ይታፈናል። መውጫ ያጣው ጭስ ሸክላው ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ስታሹት ጥቂት ጥላሸት ቢነካችሁ አትደንግጡ። ሙልጭ ብሎ ለቆ ከሥሩ ቀይ ከታየ ግን ጥድፊያ የበዛበት ሥራ ነው።

ማሟሸቱ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ጀበናው ሌሊቱን ውሃ ሞልቶ ይደር፤ በማግስቱ በቡና አተላ፣ በለዘበ ከሰል ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፍላና ይደፋ። ከገበያ እንደመጣ በጋዝ ምድጃ ላይ ማስቀመጥ መስበር ነው፤ ሸክላው ውስጥ የቀረው እርጥበት በአንድ ጊዜ እንፋሎት ይሆንና መውጫ ሲያጣ ሆዱን ይተረትረዋል። ጋዝ ብቻ ላለው ሰው ከሥሩ ስስ የብረት ቆርቆሮ ማድረግ ይበቃል። ድስቱም ደንቡ ያው ነው፣ አንድ ብቻ ይጨመርበት፦ በሳሙና አይታጠብም። ሳሙናውን ይጠጣና በሚቀጥለው ሽሮ ይመልስላችኋል።

ምጣዱ ነጥብ ያጣው በውፍረቱ ነው። ወደ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ዝርግ ጭቃ እኩል ካልደረቀ ይቆለመማል፤ ጫፉ ሳስቶ መሐሉ ሲወፍር እንጀራው ዳር ላይ ያራል፣ መሐል ላይ ዓይን አያወጣም። ችግሩ የእጅ አይደለም፤ ማድረቂያ ጥላ ያለው ሰፊ ቤት ማጣት ነው። ክረምት ላይ የተሠራ ምጣድ የባሰ ነው፤ ጥቅምት ካለፈ በኋላ ብትገዙ ይሻላችኋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የምትገዙም ብትሆኑ ይህ ይመለከታችኋል፦ ላዩ ያው ሸክላ ነው። ከሥሩ ቦይ ይወጣለትና የሬዚስታንስ ሽቦው እዚያ ተቀምጦ በጀሶ ይለሰናል። ቆርቆሮው ላይ የገጣጣሚው ስም ይለጠፋል፣ የሸክላ ሠሪዋ ስም የትም የለም።

እንግዲህ ወደ ዋጋው። አፈሩ ተቆፍሮ በጀርባ ይመጣል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ተነክሮ ይሰነብታል፣ አሸዋማ አፈር ወይም የተፈጨ ገል ገብቶበት በእግር ይረገጣል። ያለ መንኰራኩር በእጅ ይሠራል፣ ይፋቃል፣ ይታሻል፣ ይደርቃል፣ ይቃጠላል። እሳት ላይ የሚሰነጠቀው ሁሉ ኪሳራው የሠሪዋ ነው። ይህ ሁሉ አልፎ ገበያ ሲደርስ ገዢው «ጭቃ አይደል እንዴ!» ብሎ ግማሹን ይቆርጣል። ያው ሰው ከውጭ ለመጣ ፔርሙስ የተጠየቀውን ከፍሎ ይሄዳል። ሸክላ ላይ እንደዚህ የሚያስደፍረው ምንድን ነው?

የተለመደው መልስ «ሰው ድሮ ስለማያውቅ ሸክላ ሠሪን ቡዳ ይል ነበር» የሚል ነው። ይህ መልስ ጋሪውን ከፈረሱ ያስቀድማል። መጀመሪያ የመጣው መሬት ነው። በሰሜኑ ደጋ ሰው የሚከበረው ርስት ሲኖረው ነበር፤ ርስት የሌለው በእጁ ሠርቶ ያድራል፦ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ቆዳ ይፍቃል፣ ይሸምናል። የጎንደር ቤተ እስራኤል ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ይስሐቅ «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ (መሬት አልባ ስደተኛ) ይሁን» ብለው እንዳወጁ በትውፊት ይነገራል። መሬቱ ሲሄድ ወንዶቹ ወደ ወናፉ፣ ሴቶቹ ወደ ሸክላው ሄዱ፤ የቡዳው ስምም ተከተላቸው። በክርስቲያኑ ደጋ ርስት ያልነበራቸው ሙስሊሞችም ንግድና ሽመና ላይ መገኘታቸው ከዚሁ ነው።

ቡዳ ማለቱ ጥቅሙ ምን ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል። ስለዚህ ባለ ርስቱ ከባለ እጅ ጋር ቢጋባ የልጅ ልጁ አጥንት ቆጥሮ መሬት ሊጠይቅ ይችላል። «ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ፣ ዓይናቸው ይበላል» የሚለው ወሬ ጋብቻውን ይዘጋል፣ ማዕዱን ይለያል፣ መሬቱንም ያስጠብቃል። ሁለተኛው ጥቅም ደግሞ ዋጋ ነው። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፣ ሚስቱ ያለ ምጣድ አትጋግርም፤ የሚያስፈልግህን ብቻውን የሚሠራ ሰው በነፃ ገበያ ዋጋውን ራሱ ይወስን ነበር። ገበያው ጠርዝ ላይ ለብቻው የሚቀመጥ፣ ሌላ ሥራ የማይሰጠው፣ ጎረቤት የማያበድረው ሰው ግን የሰጡትን ተቀብሎ ይሄዳል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፣ አምነውበት የሚታመሙም ነበሩ፤ ግን ጥቅሙ ማን ኪስ ውስጥ ይገባ እንደነበር መጠየቅ አይከለከልም።

ነገሩ የአማራው ደጋ ብቻ አይደለም። በጋሞ ሸክላ ሠሪዎቹ ማና፣ በወላይታ ጭናሻ፣ በሲዳማ ሀዲቾ ይባላሉ፤ በጉራጌ ፉጋ የሚባሉት አሉ። ቋንቋው፣ ሃይማኖቱ፣ አስተዳደሩ ሁሉ ይለያያል። አብሮ መብላትና መጋባት መከልከሉ ግን በየቦታው ተመሳሳይ ነው። ቡዳ የሚለው እምነት በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ የጋራ የሆነውን ነገር ከመሬቱ መፈለግ ይሻላል።

ሕጉ ዝም አላለም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከልክለዋል፤ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ እያሉ ማዋረድ ይቅር ብለው። ቤተ መንግሥት የሚያንፅ፣ ከተማ የሚያቆም እጅ የሚፈልጉ ንጉሥ ነበሩና ምክንያቱ ግልጽ ነው። ግን ስድቡን እንጂ መሬቱን አልነኩም። መሬቱ የተነካው በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ነው፤ ያኔም በብዙ ቦታ ለባለ እጆች የደረሳቸው ጥቂትና ደካማው ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በትውልድ መለየትን ይከለክላል። «ጭቃ አይደል እንዴ!» የሚለው ገዢ ግን የትኛውንም አንቀጽ አልጣሰም፤ የወረሰው የክርክር ልማድ ብቻ ነው፣ ልማዱም ሥራውን ይሠራል። የሸክላ ሠሪዎቹ ልጆች ሙያውን ለምን እንደሚሸሹ የሚጠይቅ ካለ ስሙንም ዋጋውንም አንድ ላይ ይይ፤ አንዱን ብቻ ማስተካከል አይበቃም።

ለገዢ የሚሆን ነገር፦ ከተቻለ ከሠሪዋ እጅ ግዙ፤ መሐል ላይ ያለው ነጋዴ ማጓጓዙንና ስብራቱን ቢሸከምም ትርፉን የሚወስደው እሱ ነው። ለምጣድና ለትልቅ ድስት ቀብድ ሰጥታችሁ እዘዙ። ለማገዶ መግዣ ቀድሞ የተሰጣት ሠሪ እሳቱን አታሳጥርም፤ አንዳንዱ የታፈነ ድምፅ የሚመጣው ማገዶ ሲቆጠብ ነውና። የምጣዱን ስፋት በስንዝር ሳይሆን በሜትር ለክታችሁ ንገሯት፤ የስንዝር ነገር እጅ ለእጅ ይለያያል። ኋላ መልሱልኝ ከማለት ይልቅ፣ የኳኳታውንና የውሃውን ፈተና እዚያው እሷ ፊት አድርጉት፤ ጥሩ ሠሪ ራሷ ታደርግላችኋለች።

ወደ ቤት ስትወስዱ ጀበናውን በእጀታው አታንጠልጥሉት። ገለባ ወይም ጋዜጣ ዙሪያውን ጠቅልላችሁ፣ ሆዱን በሁለት እጅ ያዙት።