ከጊዮርጊስ በር የገዛሁት ዳዊት

እናቴ ካረፈች ወዲህ ለቀስተኛው ሁሉ «በቃ፣ አታልቅሺ፤ እግዜርን ማማረር ይሆንብሻል» ይለኛል። አርባዋ ሳይወጣ ፒያሳ ሄድኩና አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለች ሱቅ የግእዝና አማርኛ ዳዊት ገዛሁ። 650 ብር። ሰባት መቶ ብለውኝ ነበር፣ ተከራክሬ ነው።

ፊደሉ ጎላ ያለ ነው፤ ያለ መነጽር አነበዋለሁ። ጥራዙ ግን ያሳፍራል። በሳምንቱ መሐሉ ተገነጠለ። ስመልሰው ሻጩ «ሙጫ አድርጊበት» አለኝ። ሙጫ!

የተገነጠለው 87ኛው መዝሙር ላይ ነው፤ በሌላው መጽሐፍ ቅዱስ 88 ተብሎ የተቆጠረው። አብዛኞቹ የለቅሶ መዝሙሮች አልቅሰው አልቅሰው ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይኼ አይዞርም። ቀንና ሌሊት ይጮኻል፣ «ፊትህን ለምን ትሰውራለህ?» ይላል፣ መልስ ሳያገኝ ጨለማ ላይ ያልቃል። ማማረር ነው ብሎ ከጸሎት መጽሐፉ ያወጣው የለም። ጌታስ ቢሆን አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ አላለቀሰም እንዴ? ይህን ለጎረቤቶቼ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። አንዷ ብቻ አብራኝ አለቀሰች።

ማኅደሩን፣ ማለትም የዳዊቱን መያዣ፣ ለብቻው ነው የሚሸጡት። እኔ በእናቴ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬዋለሁ። የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ስፌቱን ሳብ አድርጋችሁ እዩት።