መሬትን በመዶሻ ማዳመጥ፦ ደሴ ላይ ያስጠናሁት የቤት መሠረት

ከጦሳ ተራራ ሥር ባለው ተዳፋት ቦታዬ ላይ ማረፊያ ቤት ለመሥራት ሳስብ መሬቱን በሳይዝሚክ፣ ማለትም በመሬት ውስጥ የሚሄድን ንዝረት በመለካት፣ አስጠናሁ። ደሴ ላይ ተዳፋት የያዘ ሰው የመሬት መንሸራተትን ወሬ ሳይሰማ አይከርምም፤ ወጪው አላስቆጨኝም።

የአጥኚዎቹ ቡድን የመስክ ሥራ እንከን የለውም። ንዝረት የሚቀበሉ 24 ጂኦፎኖች በአንድ መስመር ተከሉ፤ አንድ ጎረምሳ ወፍራም ብረት አስቀምጦ በመዶሻ ይመታል። ሞገዱ ልል አፈር ውስጥ በሰከንድ ጥቂት መቶ ሜትር ሲሄድ፣ ባልበሰበሰ ባዛልት (ላቫ ቀዝቅዞ የሚሆነው ጥቁር ዓለት) ውስጥ 5000 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ የዓለቱ ጥልቀት ከዚህ ልዩነት ይሰላል። ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ንዝረቱ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ወርቅ የተገኘ መስሎት አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ነበር።

ቅሬታዬ ሪፖርቱ ላይ ነው። መግቢያው በሰሜን ባሕር ሥዕሎች ተሞልቷል፦ በበረዶ ዘመን ከግግሩ ሥር በግፊት የፈሰሰ ውሃ የቦረቦራቸው፣ አንዳንዶቹ ከ300 ሜትር በላይ የሚጠልቁ፣ ዛሬ በአሸዋና በጭቃ ተሞልተው ከባሕሩ ወለል ላይ የማይታዩ ሸለቆዎች። ግሩም ነገር ነው፤ እኔም በጉጉት አነበብኩት። ግን ያንን ያሳየው ከመርከብ የተለቀቀ ድምፅ ከየንብርብሩ ነጥሮ ሲመለስ ነው። እኔ ግቢ የተሠራው ሌላ ነው፦ በዓለቱ ወለል ታጥፎ የሚሮጠውን ሞገድ መለካት። ይህ ዘዴ ከጠንካራ ንብርብር በታች ያለውን ልል ንብርብር አያይም።

የወሎ ደጋ ደግሞ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በየተራ የፈሰሰ ላቫ ነው፤ በሁለት ባዛልት መካከል የበሰበሰ አፈር መገኘቱ የተለመደ ነው። ሪፖርቱ ግን ከላይኛው ባዛልት ጀምሮ እስከ ሥዕሉ ግርጌ «ጠንካራ ዓለት» ብሎ አረፈው። የቡድኑን መሪ ስጠይቀው «አብሽሩ ጋሼ፣ አንድ ጉድጓድ ቢያስቆፍሩ ይለያል» አለኝ። ቅን መልስ ነው፤ መጻፍ የነበረበት ግን ሪፖርቱ ውስጥ ነው። ሲቆፈር ከባዛልቱ ሥር ቀይ ሸክላ አፈር ወጣ፤ መሐንዲሱ የመሠረቱን ንድፍ ለወጠ።

ለመስክ ሥራው ከአምስት አምስት፣ ለሪፖርቱ ሁለት እሰጣለሁ። የምታስጠኑ ሰዎች የማረጋገጫ ቁፋሮውን ውሉ ውስጥ አስገቡ። በክረምትም አታስጠኑ፤ ውሃ የጠገበ አፈር ሞገዱን በሰከንድ ወደ 1500 ሜትር ስለሚያስኬደው ከበሰበሰ ድንጋይ ጋር ይምታታል።