«ቀለሙ አይለቅም» ተብሎ የተሸጠ ጥበብ፣ «ማስለቀቂያ» ተብሎ የሚሸጥ ጠርሙስ፦ ሁለቱንም ተጠንቀቁ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያልን ያጠራቀምነውን ለሐበሻ ቀሚስ የምናወጣ ሁሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡት። ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ከማጠባችሁ በፊት።

ማታለያው ሁለት ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበላል። መጀመሪያ «ቀለሙ አይለቅም፣ በኔ ይሁንብሽ» ተብሎ ጥለቱ ነጩን የሚያበላሽ ቀሚስ ይሸጥላችኋል። ቀዩ ነጩ ላይ ተዘርግቶ ስትደነግጡ ደግሞ ስም የሌለው ጠርሙስ ወይም በፌስታል የተቋጠረ ነጭ ዱቄት «የቀለም ማስለቀቂያ» ተብሎ ይመጣላችኋል። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነው። የለቀቀ ቀለም ብዙ ጊዜ መላ አለው፤ በዚያ ጠርሙስ የተበላ ጥለት ግን የለውም።

እህቴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ሽሮ ሜዳ ካለ አንድ ሱቅ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ ወርቅማ ክር የገባበት የፈትል ቀሚስ ገዛች። ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ሳሙና አጠበችው። ስታነሳው ቀዩ ከጥለቱ ወጥቶ የጣት ወርድ ያህል ነጩን ጽጌረዳ አስመስሎታል። ታጥፎ በተነካካበት በኩል ደግሞ የደረቱ መስቀል ተገልብጦ ጀርባው ላይ ታትሟል። ሻጩ ጋ ስትደውል «በጨውና በአቼቶ ዘፍዝፊው» አላት። ባሰበት። እንደገና ስትደውል «ማስለቀቂያ የሚሸጥ ልጅ አለ» ብሎ ስልክ ሰጣት። ልጁ ያመጣው ወረቀቱ የተላጠ የውሃ ጠርሙስ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ሽታው በረኪና መሆኑን ራሱ ይናገራል። የበረኪናን ብዙ እጥፍ ዋጋ ግን አስከፍሏል። እንዳዘዛት ሳይበረዝ ስታፈስበት ጽጌረዳው ጠፋ፤ አረንጓዴውም አብሮ ወደ ገለባ ቢጫ ሄደ፣ ቀዩ ዛገ፣ ወርቅማው ክር ብልጭታውን ጣለ። ከደረቀ በኋላ ብብቱ ሥር ያለው ፈትል በእጅ ሲሳብ ተበጠሰ። ሻጩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በሙቅ ውሃ አጥባችሁት ነው።» ደረሰኝ የለም፣ ያለው ስልክ የተጻፈበት ካርድ ብቻ።

ሸማኔውን አትርገሙ። እሱ ተቀልሞ የመጣ ክር ገዝቶ ነው የሚሠራው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ክሩ ላይ ነው፦ ቀለሙ ከክሩ ጋር በደንብ ሳይያያዝ፣ የተረፈውም በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ሳይወጣ ገበያ ይወጣል። ያ ትርፍ ቀለም የመጀመሪያውን ውሃ ሲያገኝ ይነሳና አጠገቡ ያለውን ጥጥ ይይዛል። ቀይና ጥቁር እንዲሁም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው።

የጨውና የአቼቶው ምክር ከየት እንደመጣ ባላውቅም ጉዳቱን አውቃለሁ። አቼቶ የሚጠቅመው ለሱፍ፣ ለሐርና ለናይለን የሚሆኑትን የአሲድ ቀለሞች ነው፤ ጥጥ ላይ ያለውን ቀለም አያጸናም። ጨው ደግሞ ይባስ ብሎ ተቃራኒውን ይሠራል። ቀላሚዎች ጥጥ ሲቀልሙ ውሃው ላይ ጨው የሚጨምሩት እኮ ቀለሙ ከውሃው ወጥቶ ጥጡ ውስጥ እንዲገባላቸው ነው! ቀይ የለቀቀበት ሳፋ ውስጥ ጨው ስትበትኑ ነጩን ቀሚስ በገዛ እጃችሁ እየቀለማችሁት ነው።

ዱቄቱስ? የተጫረ ክብሪት ዓይነት የሚሰነፍጥ ሽታ ካለው ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት ሊሆን ይችላል። የታወቀ ኬሚካል ነው፤ ውጭ አገር በማሸጊያ፣ ከነመመሪያው የሚሸጡ ቀለም ማስለቀቂያዎችም በእሱ የሚሠሩ አሉ። እነዚያ ግን ማሸጊያቸው ላይ ሁሉንም ቀለም እንደሚያነሱ ይጽፋሉ። ሙሉ ነጭ አንሶላ ሮዝ ሆኖባችሁ ከሆነ ይሠራል። ጥለት ያለው ቀሚስ ላይ ግን የፈሰሰውን ቀይና የጥለቱን ቀይ ለይቶ የሚያውቅበት ዓይን የለውም። «የለቀቀውን ብቻ ያነሳል» የሚላችሁ ሰው ይዋሻል፣ በቃ።

አንዳንዱ ደግሞ በረኪናውን ከአቼቶ ጋር ቀላቅሉት ይላል። ይህን በጭራሽ እንዳታደርጉ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ሳንባ ይጎዳል። ስሙን የማታውቁትን ዱቄት ከበረኪና ጋር ማገናኘትም እንደዚያው አደገኛ ነው።

ቀለም ከለቀቀባችሁ ዋናው ነገር ልብሱ እንዳይደርቅ ነው። እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ «ነገ አየዋለሁ» አትበሉ፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ካውያም አታሳርፉበት። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ድራየር ውስጥ እንዳትከቱት። በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ እጣቢው ቀይ እስከሆነ ድረስ ውሃውን ቀይሩ። ከዚያ በትልቅ ሳፋ፣ ልብሱ ተዘርግቶ በሚዋኝበት ለብ ያለ ውሃና ኦሞ ዘፍዝፉት፤ ጥለቱ ነጩ ላይ እንዳይተኛ በየጊዜው አገላብጡት። የውሃው ብዛት ቁልፍ ነው፤ ትንሽ ውሃ የወጣውን ቀለም መልሶ ያጠጣዋል። ይህ ብቻ ብዙ ቀሚስ ያተርፋል። ካልበቃ ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለበት ማንጫ አለ፤ ቫኒሽና ኦክሲክሊን የዚህ ዓይነት ናቸው። ከበረኪና በጣም ይለዝባል፤ ለብ ባለ ውሃ አሟሙታችሁ፣ መጀመሪያ የጥለቱን የውስጥ ጫፍ ሞክሩበትና ካልደበዘዘ ለጥቂት ሰዓት ዘፍዝፉበት። ሐርና ሱፍ ካለበት ግን ተዉት። ሁልጊዜ ይሳካል አልላችሁም።

ወደ ግዢው ስንመለስ፣ ሻጩ ፊት ነጭ ሶፍት ወይም የጥጥ ጨርቅ በውሃ አርጥባችሁ ቀዩን ጥለት ከውስጥ በኩል ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። ሶፍቱ ቀለም ካነሳ ድርድሩ እዚያው አበቃ። ካላነሳም ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሳሙናና ሙቀት የሚያስለቅቁት አለ። በትዕዛዝ የምታሠሩ እድለኞች ናችሁ፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የክሩን ቁራጭ ጠይቁ፣ ቤት ወስዳችሁ ከነጭ ጥጥ ጋር በሙቅ የሳሙና ውሃ አሳድሩት። ጠዋት ጥጡ መልሱን ይነግራችኋል። እውነተኛ ነጋዴ ክር ቁራጭ አይነፍግም፤ «አታምኚኝም እንዴ?» ብሎ የሚቆጣውን ግን እለፉት።

ደረሰኝ ጠይቁ፣ «ቀለም ቢለቅ ይመለሳል» የሚለውንም እላዩ ላይ ይጻፉልኝ በሉ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ወረቀት ከሌላችሁ ግን አቤቱታችሁ የቃል ክርክር ሆኖ ይቀራል። ላውንደሪ የምትሰጡም የደረሰኙን ጀርባ አንብቡ፤ «ለሚለቅ ቀለም ኃላፊነት አንወስድም» የሚል መስመር አይጠፋውም።

ጠርሙሱን አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ በውሃ ጠርሙስ እንዳለ ቤት ውስጥ አታስቀምጡት፤ ልጅ ውሃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል።