የዳማ አዲስ ጫማ

ዳማ የ13 ዓመት ፈረሴ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ሚድልበርግ አጠገብ በኪራይ ጋጣ አኖረዋለሁ። ዓምና ቆሞ ሳለ አንዱን የፊት እግሩን ወደ ፊት አስቀድሞ ማሳረፍ ጀመረ። ጠጠር ላይ እርምጃው ያጥራል፤ በክብ ሳዞረው ያነክሳል። ሐኪሟ ተረከዙ ጋ ማደንዘዣ ስትወጋው ማነከሱ ወደ ሌላኛው እግር ዞረ። ከዚያ ራጅ ተነሳ። የናቪኩላር ሕመም ነው አለችኝ። ናቪኩላር ሰኮናው ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ያለች ትንሽ አጥንት ናት። ትልቁ ጅማት በእሷ ላይ እያለፈ ይጫናታል። ሕመሙ ፈጽሞ አይድንም፣ ግን በእንክብካቤ ይያዛል። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሁን ያገኘሁትን የሰኮና ባለሙያ ግን ላመስግን። የበፊቱ የሰኮናውን ጫፍ አስረዝሞ ይተወው ነበር፤ ያ ደግሞ ጅማቱን ይበልጥ ይወጥረዋል። ይሄኛው ብረት ከማንሳቱ በፊት ራጁን ጠየቀኝ። ጫፉን አሳጠረ። የጫማውን ፊት አጎበጠ፤ እግሩ ሲነሳ እንዲቀለው ነው። ተረከዙ ስርም ትንሽ ከፍ የሚያደርግ ማስደገፊያ አስገባ። ዳማ ሲደክመው ባለሙያው እግሩን አውርዶለት ይጠብቀዋል፣ አንገቱን ይዳብስለታል። እኔ ወዲያው የወደድኩት በዚህ ነው።

ለሁለቱ የፊት እግሮች 240 ዶላር ከፈልኩ። ውድ ነው፣ በዚያ ላይ በየ6 ሳምንቱ ነው። ስልክም ቶሎ አያነሳም። ቀጠሮ ግን አንድም ቀን አላዛነፈም።

ትናንት ዳማ ጠጠሩን ሳያመነታ ተሻገረ።