የአነርስ ሊኒየር አልጀብራ ለከበዳችሁ፦ ይህችን አስጠኚ እወቋት

ይህን ምስጋና በአደባባይ ሳልናገር ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ ገብተው፣ ፕሩፍ (ሒሳባዊ ማረጋገጫ) የሚጠይቀውን የአነርስ (ከመደበኛው ከበድ ያለ) ሊኒየር አልጀብራ፣ ማለትም የቬክተርና የማትሪክስ ሒሳብ፣ የያዛችሁ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። አንዲት የሒሳብ የዶክትሬት ተማሪ እህታችን እሑድ እሑድ ከሰዓት በዙም በአማርኛ ታስጠናለች። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም። ሥራዋ ግን ሊነገርላት ይገባል፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

አስቀድሜ ሌላ ቦታ የሚደረገውን ልናገር፣ ያንገበግባልና። በሰዓት ብዙ ዶላር የሚቀበል አስጠኚ ድርጅት አለ። ፕሩፍ ሲጠየቅ 3 በ3 ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) ያወጣና ስሌት ይጀምራል። አንድ ነገር በአንድ ማትሪክስ ላይ መሥራቱ ለቬክተር ስፔስ (ቬክተሮች የሚደመሩበትና በቁጥር የሚባዙበት ስብስብ) ሁሉ መሥራቱን አያረጋግጥም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ይህን ኮርስ ለማስጠናት እንዴት ገንዘብ ይቀበላል? ሌላው ያለቀ ፕሩፍ ይሰጥና ተማሪው ይገለብጣል። የቤት ሥራው ሙሉ ነጥብ ያመጣል፣ ፈተና ላይ ግን ልጁ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጦ ይቀራል። «ይሄማ ግልጽ ነው» ብሎ የሚያልፍም አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ጎበዙ ልጅ «ሒሳብ ለኔ አልተፈጠረም» ብሎ ሜጀር መቀየሩ ነው።

እህታችን ሁልጊዜ ከዴፊኒሽን ትጀምራለች። በቃል ብቻ አይደለም፤ «ለሁሉም» እና «አንድ አለ» የሚሉት የት እንደሚገቡ ለይታ ታስጽፋለች። አንድ እሑድ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ሚድተርም ሊደርስ ሲል አንድ ተማሪ ቬክተሮች ሊኒየር ኢንዲፔንደንት (አንዱ ከሌሎቹ በማባዛትና በመደመር የማይገኝ) መሆናቸውን ሲያረጋግጥ ቬክተሮቹን በስካላር (በቁጥር) አባዝቶ ደመረና እንዲህ ጻፈ፦ «ስካላሮቹ ሁሉ 0 ቢሆኑ ድምሩ 0 ይሆናል፤ ስለዚህ ኢንዲፔንደንት ናቸው።» ስህተቱ የተለመደ ነው፤ ብዙ ነጥብ የሚበላውም እሱ ነው። አልሰረዘችበትም። (1፣0)፣ (0፣1) እና (1፣1) የሚሉትን ሦስት ቬክተሮች ሰጠችውና «በዚሁ ፕሩፍህ እነዚህን ሞክራቸው» አለችው። ሞከረ። ፕሩፉ እነሱንም ኢንዲፔንደንት አደረጋቸው፣ ሦስተኛው የሁለቱ ድምር ሆኖ ሳለ! የጻፈው ነገር ለየትኛውም ቬክተር እውነት ስለሆነ ምንም እንዳላረጋገጠ ራሱ አየው። መነሳት ያለበት ከድምሩ ነው፦ ድምሩ 0 ነው እንበል፣ ከዚያ ስካላሮቹ 0 ከመሆን ሌላ መንገድ እንደሌላቸው እናሳይ። ሰዓቷ አልፎም ልጁ በራሱ እጅ አስተካክሎ እስኪጽፈው ድረስ አብራው ቆየች፣ አንድ ሳንቲም ሳትጨምር። እንዲህ ያለ ትዕግሥት የትም አይገዛም።

ሥዕልን ወደ ፕሩፍ የምትቀይርበት መንገድም ድንቅ ነው። የሁለት ሰብስፔሶች (በቬክተር ስፔስ ውስጥ ያሉ፣ ራሳቸውም ቬክተር ስፔስ የሆኑ) ዩኒየን (ጥምረት) ሰብስፔስ የሚሆነው አንዱ በሌላው ውስጥ ካለ ብቻ ነው የሚለውን ውሰዱ። መጀመሪያ የግራፉን አግድምና ቁም መስመሮች (አክሲሶቹን) ትሥላለች፦ (1፣0) እና (0፣1) ሲደመሩ (1፣1) ከሁለቱም መስመር ይወጣል። ከዚያ ሥዕሉን ታጠፋዋለች። ዩ እና ደብሊዩ የሚባሉ ሰብስፔሶች አሉ፣ አንዱም በሌላው ውስጥ የለም፣ ዩኒየናቸው ግን ሰብስፔስ ነው እንበል። ኤክስ ዩ ውስጥ ያለ፣ ደብሊዩ ውስጥ የሌለ ይሁን፤ ዋይ ደግሞ በተቃራኒው። ድምራቸው ዩ ውስጥ ከገባ ኤክስን ስንቀንስ ዋይም ዩ ውስጥ ይገኛል፤ ይህ አይሆንም። ደብሊዩ ውስጥ ቢገባም እንደዚያው ነው። አራት መስመር አይሞላም፣ ግን ሥዕሉን ያላየ ድምሩን መውሰድ ትዝ አይለውም።

ራንክና ኑሊቲ ቲዎረም ቬክተርን ወደ ቬክተር ለሚወስድ ሊኒየር ማፕ የኑል ስፔሱና (ወደ 0 የሚሄዱት ቬክተሮች) የሬንጁ (የውጤቶቹ ሁሉ ስብስብ) ዳይሜንሽን ተደምረው የመነሻውን ሙሉ ስፔስ ዳይሜንሽን ይሰጣሉ ይላል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አጥብቃ ታስይዛለች። የኑል ስፔሱን ቤዚስ (ስፔሱን ሁሉ የሚሠሩ ኢንዲፔንደንት ቬክተሮች፤ ብዛታቸው ዳይሜንሽኑ ነው) ያዙ፣ ወደ ሙሉው ስፔስ ቤዚስ አስፉት፣ የጨመራችኋቸው ቬክተሮች ምስል የሬንጁ ቤዚስ መሆኑን አሳዩ። ብዙ ሰው ምስሎቹ ሬንጁን ስፓን ማድረጋቸውን (ሁሉን መሥራታቸውን) ያሳይና ያቆማል። ኢንዲፔንደንስ ይቀራል፤ የኑል ስፔሱ ቤዚስ የሚያስፈልገውም እዚያ ነው። የምስሎቹ ድምር 0 ከሆነ የተጨመሩት ቬክተሮች ድምር ኑል ስፔስ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ በኑል ስፔሱ ቤዚስ ይጻፋል፤ ከዚያ የሙሉው ቤዚስ ኢንዲፔንደንስ ስካላሮቹን ሁሉ 0 ያደርጋቸዋል።

ቲዎረም ባለቀ ቁጥር «አንዱን ቅድመ ሁኔታ አንሱት፣ ምን ይፈርሳል?» ትላለች። ዳይሜንሽኑ ውስን ካልሆነ በአንድ በኩል ኢንቨርስ (ሥራውን መልሶ የሚፈታ) መኖሩ አይበቃም፦ ፖሊኖሚያልን ከ0 ጀምሮ ኢንቲግሬት አድርጎ ዴሪቬቲቭ ቢወስዱ ራሱ ይመለሳል፣ መጀመሪያ ዴሪቬቲቩን ቢወስዱ ግን ቋሚው ቁጥር ጠፍቶ ይቀራል። ከኮምፕሌክስ ወደ ሪል ቁጥር ቢመጡ ደግሞ በፕሌኑ (በጠፍጣፋው ገጽ) ላይ የ90 ዲግሪ ሮቴሽን (ማዞር) ምንም ኤይገንቫልዩ፣ ማለትም አንድ 0 ያልሆነ ቬክተር ከመስመሩ ሳይወጣ የሚባዛበት ቁጥር፣ የለውም።

ሀገር ቤት 11ኛ ክፍል ላይ ማትሪክስና ዲተርሚናንት በደንብ ሠርታችሁ የመጣችሁ፣ ፍጥነታችሁ እዚህ ወዲያው ባይጠቅማችሁ አትደንግጡ። አንዳንዱ የአነርስ ኮርስ ዲተርሚናንትን ወደ መጨረሻ ነው የሚያቆየው። አብዛኛው ሥራ መጻፍ ነው፤ እሷም ሁለት ወረቀት ታስይዛለች። አንዱ ለመሞከሪያ ነው፣ የተሰጠው ከላይ፣ የሚፈለገው ከታች ተጽፎ መሐሉ የሚሞላበት። ሁለተኛው ንጹሑ ነው፣ እያንዳንዱ መስመር ከየት እንደመጣ የሚጻፍበት። ቅዳሜ ፎቶ አንስታችሁ ትልካላችሁ፣ እሑድ ሳትደርስ አንብባ ጥያቄ ጽፋበት ትመልሳለች። መልስ አትጽፍም።

ክፍያዋ ከድርጅቶቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ ለተቸገረ ተማሪም ታስባለች፣ ሳታፍሩ ንገሯት። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ፣ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ ሂዱ። ዴፊኒሽኖቹ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚገነቡ ቤዚስ ላይ የተደናገረ ኤይገንቫልዩ ላይ አይድንም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ለመጀመሪያው ቀን የኮርሳችሁን ዴፊኒሽኖችና ነጥብ የተቀነሰባችሁን አንድ ፕሩፍ አዘጋጁ፤ አስተካክላችሁ የገለበጣችሁትን ሳይሆን ያኔ ያስረከባችሁትን እንዳለ።