ፕላይውድ፣ መስታወት ወይስ አክሪሊክ? ትልቅ የኮራል ገንዳ ለሚያስቡ

ቤቴ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ሁሉ ምድር ቤት ወርዶ ዓሣና ኮራል (ድንጋይ የመሰለ የባሕር እንስሳ) የማኖርበትን ገንዳ ካየ በኋላ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ፈጀብህ?» ቀጥሎ ጎኑን በጣቱ ያንኳኳና «እንዴ፣ እንጨት ነው! አይበሰብስም?» ይላል። እዚሁ ሜሪላንድ ያሉ ሁለት ጓደኞቼ ደግሞ የራሳቸውን ሊሠሩ ተነስተው በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ያንኑ ስደጋግም አፌ ስለደከመ ይኸው ጻፍኩት።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ከ180 ጋሎን በታች ከሆነ ያገለገለ የመስታወት ገንዳ ፈልጋችሁ ግዙ። እንጨት አያዋጣችሁም፤ ትርፉ ድካም ብቻ ነው። ከ300 ጋሎን ካለፈ ግን ፕላይውድ፣ ያው አገር ቤት ኮምፔንሳቶ የምንለው፤ ታቹ፣ ጀርባውና ሁለቱ ጎኖች እንጨት፣ ፊቱ ብቻ መስታወት። መስታወት በሚመስለው ፕላስቲክ፣ በአክሪሊክ ላይ ቂም አለብኝ፣ አልደብቃችሁም።

ቂሙ እንዲህ ነው። ከዚህኛው በፊት 240 ጋሎን የሚይዝ ያገለገለ የአክሪሊክ ገንዳ በ1,200 ዶላር ገዛሁ። ሻጩ «አንድ ጠብታ አፍስሶ አያውቅም» ብሎ ማለልኝ። መገጣጠሚያው ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች አይቻለሁ፤ አክሪሊክ ቶሎ እንደሚጫር ስለማውቅ ጭረት መስለውኝ አለፍኳቸው። ጭረት አልነበሩም። አክሪሊክ ውጥረት ሲበዛበት የሚያወጣቸው ስንጥቆች ናቸው። በአራተኛው ወር አንድ ሌሊት ወርጄ ምንጣፉ ላይ ስቆም ካልሲዬ ራሰ። የመስታወት ገንዳ በሚጣበቅበት ሙጫ፣ በሲሊኮን ልድፈነው አልኩ፤ ሲሊኮን አክሪሊክን አጥብቆ አይዝም። መገጣጠሚያውን ከፍቶ እንደገና ለማጣበቅ 800 ዶላር ተጠየቅኩ። 1,200ው በዚያው ቀረ።

ወደ ዋጋ እንምጣ። የአሁኑ ገንዳዬ 8 ጫማ ርዝመት፣ 3 ጫማ ወርድ፣ 2 ጫማ ተኩል ከፍታ አለው፤ የሚገባው ውኃ 380 ጋሎን፣ ከ1,400 ሊትር በላይ ነው። በዚህ ልክ ለማሠራት መስታወቱን 5,200፣ አክሪሊኩን 7,800 ዶላር አሉኝ፣ ማድረሻውን ሳይጨምር። እኔ ያወጣሁት ይኸውላችሁ፣ ደረሰኞቹ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው። 6 ፕላይውድ በ85፣ 510 ዶላር። ለፍሬሙ ጣውላ 120። ኢፖክሲ፣ እንጨቱ ውኃ እንዳያስገባ የሚቀባው ደርቆ የሚጠነክር ቅብ፣ 460። የፋይበርግላስ ጨርቅ 110። የፊቱ 19 ሚሊ ሜትር መስታወት 940። 12 ቱቦ ሲሊኮን 130። የማይዝግ ብሎን፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ ሮለርና ብሩሽ 190። ድምሩ 2,460። መብራት፣ ፓምፕና ድንጋይ የቱንም ብትመርጡ ያው ስለሆኑ አላስገባኋቸውም። አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ፤ ብረቱ የተቀነሰ ጥርት ያለ መስታወት 520 ዶላር ጨምር ብለውኝ እምቢ አልኩ። ተራው መስታወት እንዲህ ሲወፍር አረንጓዴ ይላል፣ ነጭ አሸዋውን ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም የመረጥኩት። መስታወት ለመስታወት በተጣበቀ ገንዳ ውስጥ ውኃው ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ እየገፋ ይለያያቸዋል፤ አጥብቆ የያዛቸው ሲሊኮኑ ብቻ ነው። በፕላይውድ ግን መስታወቱን ከውስጥ በኩል ፍሬሙ ላይ ታስደግፉታላችሁ። የኔ መስታወት ላይ ከ600 ኪሎ በላይ ግፊት አለ፣ ያ ሁሉ ግፊት መስታወቱን የሚያስጠጋው ወደ እንጨቱ ነው። ታዲያ ከፍታ አታብዙ። ርዝመቱን እጥፍ ብታደርጉ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከፍታውን እጥፍ ብታደርጉ ግን አራት እጥፍ ነው። ደግሞስ ታች የወደቀ ኮራል በምን እጃችሁ ልታነሱ ነው?

አሁን ወደ ማጭበርበሩ። «ማሪን» የሚል ማኅተም አትመኑ። 140 ዶላር የሚባል፣ ቢኤስ 1088 የሚል (የእንግሊዞች የማሪን፣ ማለት የመርከብና የጀልባ ፕላይውድ ደረጃ ነው) ማኅተም ያለበት ፕላይውድ አሳዩኝና የመዳፍ ታህል ቁራጭ ለምኜ ወሰድኩ። እኔ ከገዛሁት ከ85 ዶላሩ፣ በርች ከሚባል ዛፍ ከተሠራው ፕላይውድም ቁራጭ ወሰድኩና ሁለቱንም ድስት ውስጥ ጨምሬ አንድ ሰዓት ቀቀልኳቸው። ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ክዳኑን ከፍታ ያየችው ይህንን ነው። ባለማኅተሙ እንደ ረጠበ ደብተር ገጽ በገጽ ተላቀቀ፤ በርቹ ቡናማ ውኃ አወጣ እንጂ ንቅንቅ አላለም። ድስቱን ግን መጣል ነበረብን። ጠርዙንም እዩ፣ በንብርብሮቹ መሃል ክፍተት ካለ ተዉት። ለበረንዳ የሚሸጠውን፣ እንዳይበሰብስ መድኃኒት የጠጣውን አረንጓዴ ቢጤ ፕላይውድ ደግሞ በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ አትንኩት። መድኃኒቱ መዳብ አለበት፤ መዳብ ኮራሉንም ሽሪምፑንም ቀንድ አውጣውንም ይጨርሳል።

ሲሊኮንም እንደዚያው። የመታጠቢያ ቤቱ፣ «ሻጋታ ይከላከላል» የሚለው፣ ሻጋታ የሚገድልበት ኬሚካል ለእንስሶቻችሁም አይመለስም። ቱቦው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን ሳታነቡ አትክፈሉ።

ኢፖክሲው ላይ አትሰስቱ። እኔ ማዕዘኖቹን በፋይበርግላስ ጨርቅ አልብሼ ሦስት እጅ ቀባሁ፣ አንዱን እጅ ግራጫ ቀጣዩን ነጭ፤ ያልተዳረሰ ቦታ ካለ ወዲያው ይታያል። ደርቆ ካደረ በኋላ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ካገኛችሁ በውኃና በስፖንጅ እጠቡት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ አድርጉት፤ አለበለዚያ ቀጣዩ እጅ ይላጣል። በኢፖክሲ ፈንታ የሚቀባው ፈሳሽ ጎማ የሚባለው ይረክሳል፣ ግን ለስላሳ ነው፣ የድንጋይ ሹል ይበሳዋል።

ታዲያ የኔስ አላፈሰሰም ወይ? አፈሰሰ። በስድስተኛው ወር ጀርባው ላይ፣ ቧንቧው በሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ፣ የሳንቲም ታህል ጥቁር ነጥብ አየሁ። በጣቴ ስጫነው እንጨቱ አብጧል። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቀዳዳውን የበሳሁት ቀለም ከቀባሁ በኋላ ነው፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ኢፖክሲ ሳላስነካ ቧንቧውን አጥብቄ ሄድኩ። ቀዳዳው ከላይ ስለሆነ ውኃውን ትንሽ ዝቅ አደረግኩና ዓሣዎቹን ሳልነካ ዘጠኝ ቀን በቬንትሌተር አደረቅኩት፣ ፈግፍጌ ቀባሁት። 70 ዶላር። የመስታወት ገንዳ መገጣጠሚያው ቢያፈስ እንዲህ አይደለም፤ አዲስ ሲሊኮን በደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይ አይጣበቅም፣ ገንዳውን አራግፎ አሮጌውን በምላጭ መፋቅ የግድ ነው።

እንጨት ሙቀትም ይይዛል። ክረምት ላይ ምድር ቤቱ ቀዝቅዞ ውኃውን 25 ዲግሪ ለማቆየት ማሞቂያው ብዙ አይሠራም። በጋ ላይ ግን ያው ሙቀት አልወጣም ይላል፣ ቬንትሌተሩ ያኔ ወደ ውኃው ይዞራል።

የማይመቸውንም ልንገራችሁ። የቅዳሜና እሁድ ሥራ ሆኖ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። የምታዩት በአንድ ፊት ብቻ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ እርሱት፤ የኔ የተገጣጠመው እዚያው ምድር ቤት ውስጥ ነው፣ በበሩ አይወጣም። ቤቱን የሸጥን ቀን የሚወጣው በመጋዝ ተቆርጦ ነው። ባለቤቴ ይህንን የሰማችው ኢፖክሲው ከደረቀ በኋላ ነው።