በሦስት ወር ዙር የተከፈለው አጀንዳ፦ ለጅማ ስፌት ቤት ይሆናል?

ጅማ መርካቶ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በ450 ብር የገዛሁትን አጀንዳ ዓመቱን ሙሉ ሠርቼበታለሁ። ሱቄ የሚመጡ ሰዎች ጠረጴዛው ላይ ሲያዩት «ይጠቅማል?» ይሉኛል። አዎ፣ ይጠቅማል። የዙሮቹ አከፋፈል ላይ ግን ለአሳታሚዎቹ የምለው አለኝ።

በአማርኛ የታተመ፣ በእኛው ዘመን አቆጣጠር የሚሄድ አጀንዳ ነው። ዓመቱን አራት ዙር አድርጎታል። ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ። እያንዳንዱ ዙር 90 ቀን ነው። 13 ሳምንት ሊሞላ አንድ ቀን ብቻ ይቀረዋል። ጳጉሜን ዓመቱን መለስ ብሎ ለማየት ትቶታል። በየዙሩ መክፈቻ ላይ የግብ መጻፊያ አለ፤ ቦታው ለሦስት ግብ ብቻ ነው። አራተኛ ልጨምር ብትሉ መስመር የለም። ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ።

ዓመት ሩቅ ነው። መስከረም ላይ «ዘንድሮ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መዘምዘሚያ) የስፌት መኪና እገዛለሁ» ያለ ሰው እስከ ሚያዝያ ድረስ ገና ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ቀን ደግሞ አጭር ነው። ዚፕ ማስቀየር የፈለገች አንዲት ደንበኛ ከገባች ግማሹ ሄደ። የሦስት ወር ጫፉ ከመጀመሪያው ይታያል፣ የሚጨበጥ ነገር ለመሥራትም ይበቃል።

ከግቡ ሥር «በየሳምንቱ በእጄ ያለው ሥራ» የሚል መስመር አለ። የአጀንዳው ዋና ነገር ለእኔ ይሄ ነው። ኦቨርሎክ መግዛት ግብ ነው። ግን ማክሰኞ ጠዋት ተነስቼ ኦቨርሎክ አልገዛም። ማክሰኞ የምችለው እቁብ መጣል ነው፤ የደንበኛን ቀብድ ለቤት ወጪ ሳልነካ ማስቀመጥ ነው። ዕጣው ቀድሞ ይውጣልኝ ወይ ዘግይቶ፣ እሱን የማዝበት የለም። መጣሉ ግን የእኔ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የማሰምረው «ጣልኩ» የሚለውን ነው። መኪናው አሁን ሱቄ ውስጥ ቆሟል።

ሌላው ጎበዝ ሥራ ሁለቱ ጠባብ ዓምዶች ናቸው፤ «የገመትኩት» እና «የወሰደው»። ዳንኤል ካነማን እና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለዚህ ጽፈዋል። ሰው የራሱን ሥራ ጊዜ ሲገምት፣ ከዚህ በፊት ስንት እንደፈጀበት እያወቀ እንኳ፣ ሁሉ ነገር ቢቀና የሚፈጀውን ነው የሚያስበው። ስፌት ቤት ያለን ሰዎች ይሄን በየቀኑ እንኖረዋለን። «ነገ ነይ» የምንለው በክፋት አይደለም፤ ነገ የሚያልቅ ስለሚመስለን ነው። መብራት እንደሚጠፋ፣ ገበሩ መርካቶ ውስጥ እንደሚታጣ፣ ደንበኛዋ ለልኬት ሳትመጣ እንደምትቀር ግምቱ ውስጥ አናስገባም። ሁለቱን ዓምዶች ሞልቶ የቆየ ሰው የድሮውን ገጽ ገልጦ እውነተኛውን ቀን ይናገራል። ሙሽሮቼ አሁን የምነግራቸውን ቀን ያምናሉ። ለዚህ ብቻ እንኳ 450 ብሩ አይቆጨኝም።

አሁን ወደ አከፋፈሉ። ጅማ ላይ ብር የሚንቀሳቀሰው በቡና ነው። ለቀማው በዋናነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። እሸት ቡና የሸጠ ወዲያው ብር ይይዛል፤ ጀንፈል አድርቆ የሚሸጥ ቆየት ብሎ ይመጣል። ከማና፣ ከሰቃ፣ ከአጋሮ የሚመጡ ደንበኞቼ ልብስ የሚያሰፉት ያኔ ነው። አጀንዳው ግን ኅዳር ሲያልቅ «ዙሩ አለቀ፣ ገምግሚ» ይለኛል። በቡናው መካከል! ያልተሸጠ ጀንፈል እያለ ምኑን እገመግማለሁ?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓመታቸውን ሐምሌ 1 ነው የሚጀምሩት። ሩብ ዓመታቸውም ሐምሌ እስከ መስከረም፣ ጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ጥር እስከ መጋቢት፣ ሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም፤ ግን ይሄ አከፋፈል ለእኔ ሥራ ልክ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ዙር ዩኒፎርም ነው፣ አንዱ የቡና ብር፣ አንዱ ጥር ላይ በሰርግ ይጀምራል፣ አንዱ ፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰርግ ነው። ስለዚህ የግብ ገጹን በሌላ ወረቀት ጽፌ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ በስቴፕለር መታሁት። ከዚያ ወዲህ ዙሩ ከሱቄ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ጳጉሜን ለግምገማ መተዉ በሐሳብ ደረጃ ያምራል። ለቢሮ ሠራተኛ ይሆን ይሆናል። ለሰፊ ግን ጳጉሜ ማለት የዩኒፎርም ክምር ነው። ልጆች መስከረም ላይ ትምህርት ይገባሉ፤ እናቶች በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። እነዚያን ገጾች የሞላኋቸው ከመስቀል በኋላ ነው። የሳምንቱን ግምገማም እሑድ ላይ አድርገውታል። እኔ ረቡዕ ማታ ነው የምሠራው፣ ከሐሙስ ገበያ በፊት። ሳምንቱ ውስጥ ምን ክርና ጨርቅ እንዳለቀ ያወቅሁ እንደሆነ ገበያውን በዝርዝር እወጣለሁ።

የኢድ ነገር ደግሞ አለ። ገናና ጥምቀት በቀናቸው ተጽፈዋል፤ ኢድ አልፈጥርና አረፋ ግን የሉም። ጅማ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የጨረቃ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ኢድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። አንድ ዓመት ሥራ የሚቀዘቅዝበት ወር ላይ ያረፈው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራ የሚበዛበት ላይ ይወድቃል። ቀኑ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ቁርጡን ማተም አይቻል ይሆናል። «ኢድ በዚህ ሳምንት አካባቢ» ብሎ መጻፍ ግን ይቻላል። ዙሬን ሳቅድ መጀመሪያ የማሰፍረው እሱን ነው፤ የልጆች ቀሚስ ትእዛዝ ቀድሞ ስለሚገባ።

ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ቢክ አያልፍበትም። ጥረዛው ግን በማጣበቂያ ብቻ ነው። የጅማን ክረምት እርጥበት አልቻለም፤ ሐምሌ ላይ መሐሉ ተላቀቀ። በክር ቢሰፉት ኖሮ 50 ብር ጨምሬ እገዛው ነበር። በየሳምንቱ ራስጌ ላይ የተጻፈው ምክርም ቦታ ይበላል። እዚያ ላይ የልኬት ማስታወሻ ብጽፍ እመርጣለሁ።

አብራኝ የምትሠራው ልጅ የራሷን ገዝታ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ትሞላዋለች። ርዕሶቹ በአማርኛ ብቻ መሆናቸው አላስቸገራትም፤ በሁለቱም ቋንቋ ቢታተም ግን እዚህ ከተማ ብዙ ገዢ ያገኛል።

መግዛት የምትፈልጉ መደብሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። ትንሹን ተዉት፣ ሁለቱ ዓምዶች የሉትም። ትልቁን ነሐሴ ላይ ያዙ። የመጀመሪያውን ዙር ከየት እንደምትጀምሩ ደግሞ የራሳችሁ ብር የሚገባበትን ወር አይታችሁ ወስኑ።